ጭልፊት የመረጠችው፣ ገበያ የመረጠው

ባለፈው መስቀል ማንኩሳ ነበርኩ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ በአስፋልቱ ዳርና ዳር የተዘረጋችውን ይህችን ከተማ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል፤ የበዛብህ አገር ናት። እኔ የማውቃት ግን በአክስቴ ግቢ ነው። ከፊት ቀይ አፈር፣ ከጎን ጌሾ፣ ከኋላ በቆሎ፣ በየመካከሉ ዶሮ። የሄድኩት ለበዓል ነበር። ገና የመጀመሪያው ቡና ሳይቀዳ ዳኛ ሆኜ ተሰየምኩ።

ከሳሽና ተከሳሽ አክስቴና የልጇ ሚስት ናቸው። ልጅቷ ካገባች ገና ዓመቷ ነው። አባቷ ሲድሯት በእጇ ያስያዟትን ገንዘብ ለልብስ አላዋለችውም፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሃያ የሦስት ሳምንት ጫጩት ገዛችበት። ነጫጭ፣ የፈረንጅ ዶሮ። እንቁላል ሸጣ ለጨውና ለሳሙና የሰው እጅ ላታይ ነበር ሐሳቧ። እኔ ስደርስ ከሃያው የቀሩት ስምንት ናቸው። ሌሎቹን በሐምሌና በነሐሴ ጭልፊት ወሰደቻቸው።

«እኔ ተናግሬ ነበር» አለች አክስቴ ቡናውን እያማሰለች። «ነጭ ጫጩት ገዝቶ ሜዳ ላይ መልቀቅ ለጭልፊት ሻማ ማብራት ነው። እናቴም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነጭ ጫጩት ከቤት ርቃ አታሰማራም ነበር። አሁንም የቀሩት ይሸጡና ቀይ ይገዛ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከረከቦቱ ሳታነሣ መለሰች። «እማማ ሁሉን ነገር በቀለም ያሳብባሉ። ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱን። ጭልፊት የራባት ወፍ ናት። ያገኘችውን ትወስዳለች እንጂ ቀለም መርጣ ታውቃለች?»

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጥፋቱ የቀለሙ ከሆነ ጥፋተኛዋ ገዥዋ ናት። የራባት ወፍ ከሆነች ግን ተጠያቂ የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ አማትና ምራት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቶሎ አልፈረድኩም። «ነገ» አልኩና ቡናዬን ጠጣሁ።

በመጀመሪያ የልጅቷን ጥያቄ ልመልስ። ጭልፊት ቀለም ታያለች፤ እንዲያውም ከእኛ አብልጣ። የሰው ዓይን ቀለም የሚለይበት ሦስት ዓይነት ሕዋስ ሲኖረው የወፎች ዓይን በአብዛኛው አራት አለው። የትልልቅ ንስሮች ዓይን ጥራት ደግሞ ከሰው ዓይን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ታዲያ ቀለም ማየትና ቀለም መውደድ ለየቅል ናቸው። ጭልፊት የነጯ ሥጋ ከቀይዋ ይጣፍጣል ብላ አትወርድም። ከላይ ስታንዣብብ ከታች የሚታያት የመሬቱ ቀለም ነው። ከዚያ መሬት ጎልቶ የወጣውን ቀድማ ታየዋለች፤ ቀድማ ባየችው ላይ ትወርዳለች።

በማግስቱ የጎረቤት ልጆችን ሰበሰብኩና ላባ አስለቀምኳቸው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይና ገብስማ፣ ከየዓይነቱ አምስት አምስት። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አስዞሬ ላባውን በቀዩ አፈር ላይ በተንኩትና «አሁን ቶሎ ቶሎ ልቀሙ!» አልኩ። አምስቱ ነጮች ዓይን እስኪጨፈን ድረስ አለቁ። ጥቁሮቹ ቀጠሉ። ከቀዮቹ ሦስት ብቻ ተገኙ። ከገብስማዎቹ ሁለት። የቀሩትን እኔው ራሴ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ አንዷን ረግጫት ቆሜ ነበር። ጨዋታውን ሣሩ ላይ ስንደግመው ግን ቀዩ ቶሎ ታየ፤ ነጩ እዚያም አላመለጠም። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና «አላልኩም?» የምትል ፈገግታ ታሳይ ነበር።

ይህን ሳይንስ ነው ብዬ አልጠራውም፤ የልጅ ዓይን የጭልፊት ዓይን አይደለም። ነገር ግን ሳይንቲስቶች «የተፈጥሮ ምርጫ» የሚሉት ነገር ከዚህ ጨዋታ ብዙም አይርቅም። «ዝግመተ ለውጥ» የሚል ቃል ባየ ቁጥር ገጹን የሚያጥፍ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ሰው ዘር አላወራም። ስለ ጓሮ ነው የማወራው፤ በጓሮ የሚሆነውን ደግሞ የአክስቴ እናት ቻርለስ ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ማሳተሙን ሳትሰማ ታውቀው ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንስሳው ለመደበቅ ብሎ ቀለሙን ለወጠ» ይባላል። ጫጩቷ ምንም አትለውጥም። ነጭ ሆና ከተፈለፈለች ነጭ ናት፤ ብትፈራም፣ ብትመኝም ያው ነው። የሚለወጠው መንጋው ነው። እንቁጠረው። እንበልና መቶ ጫጩት አለን፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ። ጭልፊት ከአሥር ነጭ ስድስት፣ ከአሥር ቀይ አራት ብትወስድ፣ የሚተርፉት ሃያ ነጭና ሠላሳ ቀይ ናቸው። የልጆቹን ቀለም አወራረስ ለጊዜው እንተወውና ልጅ ሁሉ ወላጁን ይመስላል እንበል። የተረፉት ተራብተው እንደገና መቶ ሲሞሉ ነጩ አርባ ይሆናል። በዚሁ ቢቀጥል ከአምስት ትውልድ በኋላ ከመቶው ነጩ ወደ 12 ይወርዳል። በየዓመቱ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ጭልፊትም ቀይ ጫጩት እየወሰደች ነው። ግቢው ግን ማንም ሳያዘው ቀይ እየሆነ ይሄዳል።

በዓለም ላይ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ የእንግሊዟ ነጠብጣብ የእሳት እራት ናት። ቀን ቀን በዛፍ ላይ ተለጥፋ የምትውል፣ ነጣ ብላ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ናት። በ1848 በማንቸስተር ከተማ ጥቁር ሆና የተገኘች አንዲት ተመዘገበች። ዘመኑ የፋብሪካ ጭስ ዛፉን ሁሉ ጥላሸት የቀባበት ነበር። በ1895 በዚያው አካባቢ ከመቶው 98 ያህሉ ጥቁር ሆኑ። በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ ጭሱ ቀነሰ፣ የዛፉ ቅርፊት ነጣ፣ ጥቁሮቹም እየተመናመኑ ሄዱ። «በእርግጥ ወፍ ነው የሚለቅማቸው ወይ?» የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመት ቆየ። በመጨረሻ አንድ የካምብሪጅ ተመራማሪ በራሱ ግቢ ሰባት ዓመት ሙሉ 4,864 የእሳት እራቶችን ለቅቆ ወፎች በአብዛኛው ጎልቶ የሚታየውን እንደሚበሉ በዓይኑ አየ። ውጤቱ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ2012 ነው። ሰባት ዓመት! የእኔ የላባ ጨዋታ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ።

እንግዲህ አክስቴ ረታች ማለት ነው? ቆዩ። አክስቴ ያላየችው አንድ ነገር አለ። ነጭ እንዲህ ለጭልፊት ሲሳይ ከሆነ፣ ጭልፊትም ከጥንት ጀምሮ በጎጃም ሰማይ ላይ ካለች፣ ነጭ ዶሮ እስከ ዛሬ ድረስ እንዴት አለ? መኖር ብቻ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገር ዶሮዎችን መልክ እየዞሩ የመዘገቡ ተመራማሪዎች ነጩን ከገብስማና ከቀይ ጋር በብዛት ከሚታዩት ቀለሞች አንዱ ሆኖ ነው ያገኙት። ጭልፊት ብቻዋን ብትመርጥ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ሌላ መራጭ አለ፤ እርሱም እኛ ነን።

በበዓል ዋዜማ ገበያ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሁሉም የሚከበው ቀዩን አውራ ዶሮ ነው፤ ነጭም ፈላጊ አለው። ጥቁሩን የያዘው ሻጭ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆማል። ጥቁር ዶሮ ጣዕሙ ያው ነው፤ ድስት ውስጥ ገብቶ በበርበሬ ከተቁላላ በኋላ የላባውን ቀለም የሚያውቅ ምላስ የለም። ግን ስሙ ከጠንቋይ ቤት ጋር ተነካክቷል፤ ሰው ይሸሸዋል። ስለዚህ ገበሬው የጥቁሯን እንቁላል ከማስታቀፍ ይልቅ ይሸጠዋል፣ የቀይዋንና የነጯን ያስታቅፋል። ይህም ምርጫ ነው። በአገራችን ከተሰራጩት የውጭ ዝርያዎች መካከል ኮኮክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዶሮ በገበሬው ዘንድ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ገብስማ መምሰሉ ነው። ባለሙያው ስለ እንቁላሉ ሲያስረዳ ገበሬው ላባውን ያይ ነበር።

ከዚህም ሌላ ምርጫ አለ፤ የሴቷ ምርጫ። አውራ ዶሮው ለምን ያን ሁሉ ቀለም ይለብሳል? ቀይ፣ ወርቅማ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ጅራት። ዶሮ ሁሉ የመጣው ከእስያ የጫካ ዶሮ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ሴቷ ቡናማ ናት፤ እንቁላሏን ታቅፋ መሬት ላይ ስትተኛ ከደረቅ ቅጠል አትለይም። ወንዱ አይታቀፍም፤ ሴቷ ፊት መታየት ስላለበት አምሮ ይታያል፤ ለዚህም አልፎ አልፎ በነፍሱ ይከፍላል። የሚገርመው የጫካው አውራ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ የአንገቱን ወርቅ አራግፎ ደብዛዛ ላባ መልበሱ ነው።

ይህን ስናወራ የአክስቴ ትንሿ የልጅ ልጅ «እንደ መስቀል ወፍ?» አለችኝ። ልጅቷ ያለችውን ያወቀችው አይመስለኝም። ግን ልክ ናት።

«እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን፤ ጠፍቶ የሚመጣውን ዘመድ ስንወቅስ። በመስከረም ከአደይ አበባ ጋር ብቅ ብላ ከወር በኋላ የምትጠፋ፣ የት እንደምትከርም የማይታወቅ ወፍ ናት ይባላል። በየአገሩ ይህ ስም የሚሰጠው ለአንድ ወፍ ብቻ አይደለም። ነገር ግን በደጋና በወይና ደጋ ሣር ላይ በክረምቱ መጨረሻ የምናያቸው፣ ጥቁር ለብሰው ትከሻቸውና ወገባቸው ቢጫ የሆነ ወይም ቀይና ጥቁር የሆኑ ትናንሽ ወፎች ወንዶች ናቸው። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግና ጎጆ መሥሪያ ሲደርስ ያንን ልብስ ይለብሳሉ፤ ሣር ጫፍ ላይ እያንዣበቡ ሴት ይጠራሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ላባው ይረግፋል፤ ወንዱ እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ ድንቢጥ መሰል ይሆናል። የትም አልሄደም። በጥር አውድማው ላይ ከድንቢጦች ጋር እህል ሲለቅም ያያችሁት እርሱ ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ አብሮን ኖሮ በዓመት አንዴ ብቻ መጣ ብለን እናማዋለን።

ታዲያ ለምን ዓመቱን ሙሉ አምሮ አይኖርም? ማማር ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ሴቷ በሌለችበት ወቅት ያ ልብስ የሚያገለግለው ለጭልፊት ብቻ ነው። በወቅቱ ግን ያዋጣል። ለዚህ ማስረጃው ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ስዊድናዊ ተመራማሪ በኬንያ ደጋ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ረጅም ጅራት ወፍ ይዞ የአንዳንዶቹን ወንዶች ጅራት ቆረጠ፤ የተቆረጠውን ለሌሎቹ በማጣበቂያ ቀጠለላቸው። በ1982 ባሳተመው ውጤት ጅራታቸው የተቀጠለላቸው ወንዶች በክልላቸው ብዙ የሴት ጎጆ ሰበሰቡ፤ የተቆረጡት ከሰሩ። ምስኪኖች! በሰው ጅራት ያጌጡትን ሴቶቹ አላወቁባቸውም።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ በቀለም ጉዳይ የራሷ ዝነኛ ቢራቢሮ አላት። በአፍሪካ ጫካዎች የሚኖር አንድ ባለ ጅራት ቢጫ ቢራቢሮ አለ። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቷ ወንዱን ፈጽሞ አትመስልም፤ ጅራቷን ጥላ ወፎች የሚጠየፏቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስላ ትኖራለች። የጥንት ሊቃውንት የተለያየ ዝርያ አድርገው ስም ያወጡላቸው ነበር። በእኛ ደጋ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ናቸው፤ መራራውን የሚመስሉት ጥቂቶችም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም። ስለ እንስሳት ማስመሰል በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያ ስም በዚህች ቢራቢሮ ምክንያት ይነሳል። እስስትን ደግሞ አትጠይቁኝ፤ እርሷ ቀለም የምትለውጠው ከመደበቅ ይልቅ ለመጣላት፣ ለመፋቀርና ፀሐይ ለመሞቅ ነው። ሰውን «እስስት» ብለን ስንሰድብ ስሟን በከንቱ አጥፍተናል።

ወደ ግቢው ልመለስ፤ ፍርዱ ይጠበቃል።

ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ ጋር በቆሎው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ የአክስቴ ገብስማ ዶሮ አሥር ያህል የራሷን ጫጩቶች እየመራች ከጌሾው ወጣች። ድንገት አንገቷን አዘነበለችና አንድ ቀጭን፣ ረዥም ድምፅ አሰማች። ጫጩቶቹ በቅጽበት ጠፉ፤ የገቡበትን እንኳ አላየሁም። ቀና ስል ጭልፊቷ ከባሕር ዛፉ በላይ ነበረች። ዞር ዞር አለችና ሄደች። ከጫጩቶቹ መካከል ሁለቱ ነጣ ያሉ ነበሩ። እነርሱም ተረፉ።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «የእኔዎቹ እናት አልነበራቸውም» አለች።

ትክክል ናት፤ እኔም፣ አክስቴም ያላሰብነውን ነው ያለችው። ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣና በምድር ለሚመጣ ጠላት የተለያየ ድምፅ እንዳላት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ለጭልፊት አንድ፣ ለሸለምጥማጥ ሌላ። የአገር ጫጩት ከእናቱ ጋር እየዋለ ያንን ድምፅ ሰምቶ ይሸሸጋል። የልጅቷ ሃያ ጫጩቶች ግን የተፈለፈሉት በማሽን ነው። በካርቶን መጡ፤ ግቢው ላይ ተለቀቁ። ሲያይዋቸው የሚጮህላቸው አልነበረም። ነጭ መሆናቸው ጭልፊትን ጠራ፤ እናት ማጣታቸው ደግሞ መሸሻ አሳጣቸው። ከሁለቱ የትኛው አሥራ ሁለቱን ገደለ ብባል ከፋፍዬ መስጠት አልችልም።

የፈረንጁ ዶሮ እናት መሆንን የረሳውም በምርጫ ነው። ነጩ ሌግሆርን ከጣሊያን የመጣ ዝርያ ነው። የታቀፈች ዶሮ እንቁላል አትጥልም፤ ስለዚህ አርቢዎቹ ለብዙ ትውልድ የማትታቀፈውን እየመረጡ አራቡ። ውጤቱ በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል የምትጥል፣ ግን እንቁላሏን ዞር ብላ የማታይ ዶሮ ሆነ። የእኛዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትጥልና በመካከሉ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጭልፊት ላይ ጮኻ ታሳድጋለች። አንዷን የመረጣት የእንቁላል ገበያ ነው፤ ሌላዋን ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥና ክረምት።

ማታ ፈረድኩ። አክስቴ በቀለሙ ረታለች፤ ነጭ ጫጩት በቀይ አፈር ላይ ቀድሞ ይታያል። ምራቷ ደግሞ በእናቱ ረታለች። ስምንቱ ግን አይሸጡም አልኩ፤ አራት ወር ሊሞላቸው ነው፣ ከእንግዲህ ለጭልፊት ከብደዋል፣ የሚያስፈራቸው የሌሊት አውሬ ነውና ቤታቸው ይጠንክር። ለወደፊቱ የሚገዛ ጫጩት ካለ ግን ላባውና ሥጋው እስኪጠነክር በሽቦ ወይም በቅርጫት ተከልሎ ጥላ ሥር ይደግ። አክስቴ «አንተ ልጅ ለሁለታችንም ፈርደህ ልትሄድ ነው?» አለች። አዎ፤ እንግዳ ሌላ ምን ያደርጋል።

ስነሣ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ነጮቹ እንቁላል ሲጀምሩ ያንን እንቁላል ለአክስቴ ቀይ ዶሮ ብታስታቅፈውስ? አባቱ ቀዩ አውራ ስለሚሆን ጫጩቶቹ ቀይ ይወጡ ይሆን? እናትም ያገኛሉ፣ ቀለምም ያገኛሉ ማለቷ ነው። ሐሳቧ ደስ ቢለኝም እውነቱን ነገርኳት። የሌግሆርን ነጭነት ገዥ ነው፤ ከቀይ ጋር ቢዳቀል በመጀመሪያው ትውልድ የሚያሸንፈው ነጩ ነው። ቀዩ ከሥሩ ተደብቆ ይቆይና ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ከአንዳንዶቹ ላይ ብቅ ይላል። እናት ታገኚላቸዋለሽ፤ ቀለሙን ግን ትንሽ ትጠብቂያለሽ አልኳት።

በጥር እንቁላል ጀመሩ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ እንቁላል የሚበላ የለም፣ ዋጋውም ወረደ። ልጅቷም አሥራ አንዱን መርጣ ለቀይዋ አስታቀፈች። በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው አክስቴ ናት።

«ዘጠኝ ወጡ፤ ሦስት ሳምንት ሆናቸው» አለችኝ።

«ቀለማቸውስ?»

«ነጭ። ሁሉም ነጭ! አንዳንዱ ጀርባው ላይ ቀላ ያለ ነገር ጣል አድርጎበታል እንጂ። የእኔ አውራ ዶሮ የት ገባ? ሊበላ ብቻ ነው እንዴ የኖረው?» ብላ ሳቀች። ጠዋት ጠዋት ቅርጫት ሥር ናቸው፤ ከሰዓት ከቀይዋ ጋር ጌሾው ሥር ይውላሉ፤ እስካሁን አንድም አልጎደለም። ልጅቷ ለበዓሉ ቅቤውን በራሷ ገንዘብ መግዛቷንም ነገረችኝ። ይህን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ እንዳትሰማት ይሁን እንዳትኮራ አልገባኝም።

«ስጪኝ እስኪ፣ እንኳን አደረሰሽ ልበላት» ስል ከወዲያ ማዶ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ቀጭንና ረዥሙ። አክስቴ «ጭላት! ጭላት! አንቺ ልጅ፣ ቅርጫቱን!» ብላ ጮኸች። ስልኩ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ የሚሮጥ እግር።